በአንድ ገንዳ የታጠቡ ካፖርቶች

የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ «እትዬ ሳሙና» ይላታል። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ ዕድሜዋን የሰው አንሶላ ስትቀቅል የኖረች፣ እንፋሎት ፊቷን ጠብቆላት ከእኩዮቿ ሁሉ ልጅ የምትመስል ሴት። እዚህ ያለ ማዕረግ ሳሙና ብንላት አይከፋትም። «እኛ ቤት ማዕረግ የሚወደው ባሌ ነው» ባይ ናት።

ባሏ ቁልፍ ሠሪ ነው፤ ሰፈሩ ግን «ሻለቃው» ይለዋል። አንድ ቀን እንኳ ወታደር ሆኖ አያውቅም። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሊመዘገብ ሄዶ ነበር። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠና «አንተ ተራራ ቀርቶ ደረጃም አትወጣ» ብሎ መለሰው፤ አስም አለበት። ወንድሙ ግን ተመዘገበ፣ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ሬሳ አልመጣ፣ መርዶ አልመጣ፣ ልብሱ እንኳ አልመጣ። እናታቸው በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ እያለች አረጀች፤ እሷ ስትሞት ብድግ ማለቱን ሻለቃው ወረሰው።

ዕቃ መልቀም የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በመጀመሪያ ከአሮጌ ዕቃ ተራ አንድ የወታደር ኮዳ ይዞ መጣ። ሳሙና ደስ ይበለው ብላ ኮዳውን ፈትጋ ፈትጋ እንደ መስታወት ብታደርገው፣ ቀናት ሙሉ አኮረፋት።

«ዝገቱ እኮ ነው ታሪኩ!» አላት በመጨረሻ አፉን ሲፈታ።

«ታሪክ መሆኑን በምን ልወቅ? ከድስት ክዳን ላይ ስፈትግ የምውለው እሱኑ ነው» አለችው።

ከኮዳው በኋላ የብረት ቆብ መጣ፤ ከቆቡ በኋላ ዝናር፣ ሳንጃ፣ ቦት ጫማ፣ የተጨረማመተ የምግብ ሳህን፣ ካፖርት በካፖርት ላይ። በመጨረሻ ጠመንጃዎቹ ገቡ። ፈቃድ አላቸው፤ አፈሙዛቸው በብረት ተደፍኗል፣ መምቻቸው ወጥቷል፣ ለመጣላት እንኳ ቢፈለጉ ከመጥረጊያ እንጨት አይሻሉም። ሻለቃው ግን ሥራ በሌለበት ቀን ሁሉ አንድ በአንድ ያወርዳቸዋል፣ ሰደፋቸውን በዘይት ያሻል፣ ብረታቸውን ይወለውላል፣ የትኛው በየትኛው ፋብሪካ መቼ እንደተሠራ ላልጠየቀው ሰው ሁሉ ያስረዳል። ሳሙና «እኔን እንዲህ ብታሸኝ ወገቤ ድሮ በዳነ» ትለዋለች። እሱ እቴ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ዕቃው የሚቀመጥበት የኋላው ክፍል የራሱ ሥርዓት ነበረው። በስተቀኝ ያለው ግድግዳ «የኛ» ይባላል፤ ወንድሙ የተዋጋበት ወገን ዕቃ የሚሰቀልበት ነው፣ ካፖርቶቹ ቡናማ ናቸው። በስተግራ ያለው «የእነሱ» ነው፣ ካፖርቶቹ አረንጓዴ። የሁለቱ ወገን ዕቃ አይነካካም። ቀኙን የጠረገ ጨርቅ ግራውን አይጠርግም፤ የዘይቱ ቆርቆሮ እንኳ ለየብቻ ነው። ሳሙና አንድ ጊዜ ጨርቆቹን ብታምታታ ሰውየው አስሙ ተነሳበት፤ ከዚያ ወዲያ ክፍሉን ለመጥረግ እንኳ እያስፈቀደች ነው የምትገባው።

ከቀኙ ግድግዳ የመጀመሪያው ማንጠልጠያ ላይ አንድ ካፖርት አለ። ሻለቃው ለማንም አይናገርም፣ ሳሙና ግን ታውቃለች። የግራ ክንዱ ላይ እንደነገሩ የተሰፋ መጣፊያ አለው። «ወንድሜ ሲሰፋ እንዲህ ነበር፤ ክሩን ሁለት ጊዜ ይጠመጥመዋል» ብሏታል ካፖርቱን የገዛ ዕለት፣ ከዚያ በኋላ ወሬውን አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። ክርን ሁለት ጊዜ የማይጠመጥም ወንድ ልጅ የት አለ? ሳሙና ይህን በሆዷ ይዛዋለች። ሰውየው አመሻሹ ላይ ወንበሩን ከካፖርቱ ሥር አስጠግቶ ሲቀመጥ ታየዋለች፤ በሩን ቀስ አድርጋ ትዘጋለታለች።

ቤተሰቡን ያቃቃረው ታዲያ ይኸው የግድግዳ ሥርዓት ነው።

ያላቸው አንድ ልጅ ናት። ያገባችው የጭነት መኪና ሾፌር ልጅ ነው፤ ሾፌሩ ደግሞ በወጣትነቱ በ«እነሱ» በኩል የተዋጋ ሰው ነው። ከሠርጉ በፊት ሁለቱ ቤተሰቦች ሊተዋወቁ የተገናኙ ዕለት፣ ሻለቃው ደስታው ቢያቅበዘብዘው እንግዳውን እጁን ይዞ ወደ ኋላው ክፍል ወሰደው። መብራቱን አበራ፣ ወደ ግራው ግድግዳ እያመለከተ «እነዚህ የእናንተ ናቸው» አለው። ክፋት አልነበረውም፤ ያለውን ማሳየቱ ነው። ሾፌሩ ያንን ግድግዳ አየ፣ ወዲያኛውንም አየ። ትንፍሽ አላለም። ባርኔጣውን አጥልቆ ወጣና ሚስቱ እስክትመጣ መኪናው ውስጥ ቁጭ አለ። ሠርጉ ተሠርጎ አለቀ፤ ሁለቱ አባቶች ግን ከሩቅ ራስ ከመነቅነቅ አላለፉም። ልጅቷ አማቷን እንደ አባቷ ነው የምትወደው፤ አባቷን ደግሞ ስለ እሱ ብላ ተቀየመችው። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት አልረገጠችም።

አሁን ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያዋ ነው፤ የደም ግፊቷ ከፍ ስላለ የምትኖርበት ከተማ ሐኪሞች ትልቁ ሆስፒታል አጠገብ ሆና እንድትጠብቅ ነገሯት፣ እናቷ የምትሠራበት መሆኑ ነው። ባሏ ሩቅ አገር ድልድይ ሥራ ላይ ነው፤ ደውላ «እማዬ፣ መምጣቴ ነው» አለች። ሳሙና እልል ልትል አፏን ስትከፍት ልጅቷ ቀጠለች።

«ግን ያ ክፍል እንዳለ ካለ፣ ሆቴል ተኝቼ እወልዳለሁ እንጂ እዚያ አልገባም። ልጄን ጠመንጃ ሥር አላስተኛም። የሁለቱንም አያት ደም ይዞ የሚመጣ ልጅ ነው፤ በየትኛው ግድግዳ በኩል ላስተኛው? አባዬን ከነዕቃው ይመቸው በይልኝ።»

ሳሙና ለባሏ ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችው። ሻለቃው ቅስሙ ስብር አለ። «ትምጣልኝ» አለ። «ጠመንጃዎቹን ሱቁ ሥር ያለው መጋዘን አስገባቸዋለሁ። የቀረውንም አወጣዋለሁ። ብቻ ትምጣልኝ።»

አላቅማማም፤ በነጋታው ጠመንጃዎቹን በብርድ ልብስ እየጠቀለለ በጋሪ ማመላለስ ጀመረ። የመጨረሻውን ጭነት ይዞ ሲወጣ ከደጃፉ ላይ ዞር ብሎ «ካፖርቶቹን አትንኪያቸው። ስመለስ ራሴ በላስቲክ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ እከታቸዋለሁ» አላት። ሳሙናም «እሺ» አለች፤ የምሯንም ነበር።

ክፋቱ ብል ነው። መጥረጊያዋን ይዛ ገብታ አንዱን ካፖርት ገለጥ ብታደርገው፣ ከብብቱ ውስጥ አንድ መንጋ ብል ቡን ብሎ ወጣ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ብትነካው አቧራው አስነጠሳት። ሳሙና እዚያው ቆማ አሰበች። ነገ ከነገ ወዲያ ሕፃን የሚተኛበት ክፍል ነው፤ በዚያ ላይ አስም በዘር ይሄዳል ይባላል። በላስቲክ ቢጠቀለሉ ብሉ ውስጥ ሆኖ ድግሱን ሊቀጥል አይደል? ዕድሜዋን ሙሉ ቆሻሻ ጨርቅ አይታ አልፋ አታውቅም፤ እጇ አይሆንላትም። «ይጮህ እንጂ፤ ንጹሕ ካፖርት ሲያገኝ ይበርድለታል» ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች።

የሠራችውን ሁሉ ሙያዋ እንዳስተማራት ነው የሠራችው። የማጠቢያ ክፍል የመጀመሪያው ሕግ ብረት ውሃ አይነካም የሚል ነው፤ ይዝግና ጨርቁን ያበላሻል። ስለዚህ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ቁልፉን፣ የአንገት ምልክቱን፣ የትከሻ ማዕረጉን በምላጭ እየፈታች ሁሉንም አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጨመረችው። ሁለተኛው ሕግ ልብስ የሚለየው በጨርቁ ነው እንጂ በባለቤቱ አይደለም የሚል ነው። ሆስፒታል ውስጥ የዳይሬክተሩም የዘበኛውም አንሶላ አንድ ላይ ነው የሚፈላው። ካፖርት ደግሞ ሁሉም ሱፍ ነው፤ ሱፍ የፈላ ውሃ አይወድም፣ ለብ ያለ ነው የሚፈልገው። ግቢው ውስጥ ያለውን ትልቁን የሲሚንቶ ገንዳ ለብ ያለ ውሃ ሞላችና ቡናማውንም አረንጓዴውንም በአንድ ላይ ነከረቻቸው። ስለ ግድግዳዎቹ ሥርዓት ያን ሰዓት ትዝም አላላት።

ውሃው ወዲያው ጠቆረ። ሳሙና ቆሻሻ መስሏት ደስ አላት፤ ቆሻሻ ሲለቅ ማየት እንደሷ የሚያስደስተው ሰው የለም። ረገጠችው፣ አሸችው፣ ውሃውን ደፍታ ደገመችው። ጨምቃ ገመዱ ላይ ካሰጣች በኋላ ነው ወገቧን ይዛ ራቅ ብላ ያየቻቸው።

ቡናማ የለም። አረንጓዴም የለም። የጦርነት ጊዜ ቀለም ነው፤ በጥድፊያ የተነከረ፣ ውሃ ያያል ብሎ ያሰበለት የለም። ሁለቱም ለቀው፣ ተደባልቀው፣ ካፖርቶቹ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ድፍርስ መልክ ይዘዋል፤ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ የመሰለ፣ ስም የሌለው ቀለም። ወደ ገንዳው ሮጣ እጇን ብትሰድ ከሥሩ የጨርቅ ቁራጮች እፍኝ ሙሉ ወጡላት። የክንድ፣ የጉልበት፣ የብብት መጣፊያዎች ናቸው፤ የበሰበሰው ክር በውሃው ተበጥሶ ሁሉም ረግፈዋል። የማን ከየትኛው እንደረገፈ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

«ወይኔ ጉዴ» አለች ሳሙና፣ የጨርቅ ቁራጮቹን ደረቷ ላይ እንደያዘች።

ሻለቃው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ባዶ ጋሪውን ደጅ አቁሞ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ፊቱ ፈካ ብሎ ገባ፤ ጠመንጃዎቹን አስገብቶ ጨርሷል፣ ልጁ ዛሬ ትገባለች። ገመዱን አየና ቆመ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ካፖርት ሄደና የግራ እጅጌውን አንስቶ ክንዱን ዳሰሰ። ወደሚቀጥለው አለፈ። የግራ እጅጌ፣ ክንድ። ወደሚቀጥለው። ውሃው በእጁ እየወረደ ሸሚዙን አራሰው። የገመዱ ጫፍ ደረሰና ዞሮ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሳሙና ይህን ማየት አቃታት፤ ቢመታት ይሻላት ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ ሊጀምር ሲል እሳት ለበሰ።

«አትንኪ አላልኩሽም! አንቺ ሴትዮ፣ አትንኪ አላልኩሽም! የነሱን ከኛ ጋር! ደም የተፋሰሱትን ሰዎች በአንድ ገንዳ! እንዴት አድርጌ ልለያቸው ነው አሁን? እንዴት አድርጌ ላግኘው?» እያለ ጮኸ፤ ደረቱ ማፏጨት ጀመረ። ሳሙና አለቀሰች።

ልጃቸው ደጃፉ ላይ ነበረች። መኪና ሲቆም ማንም አልሰማም። ሊያደርሳት ካመጣት ከአማቷ የጭነት መኪና ላይ ተደግፋ ወርዳ፣ በአንድ እጇ ወገቧን በሌላው የግቢውን በር ይዛ፣ የአባቷን ጩኸት ሰማች። እነሱ፣ እኛ፣ ደም። ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። በሩን ለቀቀችውና ወደ መኪናው ተመለሰች፤ ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው እንጃ፣ ተቀመጠችና በሩን ዘጋችው።

«ሆቴል ውሰደኝ፣ ጋሼ» አለችው አማቷን።

«እወስድሻለሁ፣ ልጄ» አለ ሾፌሩ። «ግን መኪናው ፈልቷል፣ ውሃ ካልጠጣ ንቅንቅ አይልም። ቀድቼ ልምጣ።»

ጀሪካኑን ይዞ ገባ። ባልና ሚስቱ ሲያዩት የሚገቡበት ጠፋቸው። «እንደምን ዋላችሁ» አለ፣ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ። «ይቅርታ፣ ውሃ ልቀዳ ነው፤ ወዲያው እወጣለሁ።» ሳሙና በጣቷ ቧንቧውን አሳየችው። ቧንቧው ከልብሱ ገመድ ወዲያ ማዶ ነው። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ በካፖርቶቹ መሃል ሊያልፍ ሲል አንዱ እጅጌ ፊቱን በውሃ ዳበሰው። ቀና አለ። እጅጌውን ያዘ። ወደ አፍንጫው አስጠጋው፤ ወደሚቀጥለው ካፖርት ሄዶ እሱንም አሸተተ። ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠና ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ የጠፋ ዘመዱን ያየ ሰው ሳቅ ነው።

«ማን ነው እንዲህ ያደረጋቸው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሳሙና። «እጄን ይቁረጠው።»

«ለምን ይቆረጣል? ትክክለኛው መልካቸው ይኼ እኮ ነው፣ እትዬ። ሲሰጡን አረንጓዴ ነበሩ፣ እውነት ነው። አንድ ክረምት ካለፈባቸው በኋላ ግን ጭቃው፣ ጭሱ፣ ዝናቡ ሁሉንም እንዲህ አደረጋቸው። የእናንተንም እንደዚያው። ዘብ ቆመን ሰው ሲመጣ የራሳችን ሰው መሆኑን የምናውቀው በሳሉ ነበር፤ በልብሱማ ማን ይለያል?»

«ምልክት ነበራችሁ» አለ ሻለቃው፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «የአንገት ምልክት። የትከሻ።»

«ነበረን። ምልክት ግን አያሞቅም።»

ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ማዟዟር ጀመረ። ሳሙና የሚሄድ መስሏት ነበር፤ እሱ ግን ሻለቃውን ቀጥ ብሎ አየው።

«ያን ዕለት እዚያ ክፍል ውስጥ ዝም ብዬዎት የወጣሁት ተቀይሜ አይደለም። የምመልሰው ጠፍቶኝ ነው። እኔ ቤቴ የገባሁት በእናንተ ካፖርት ነው። የኔ ተቃጥሎብኝ በሸሚዝ ቀርቼ፣ በረዶ እየዘነበ፣ መንገድ ዳር አንድ ልጅ ሞቶ አገኘሁ። ከእናንተ ወገን ነው። ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅሁትና ቁልፉን ፈታሁ። እጁ ደርቆ አልወጣ ብሎኝ ነበር፤ እያለቀስኩ ነው ያወለቅሁት። በሱ ነው ክረምቱን የወጣሁት። እንግዲህ እርስዎ ‹እነዚህ የእናንተ ናቸው› ሲሉኝ ምን ልበል? የኔ በየትኛው ግድግዳ ነው የሚሰቀለው?»

የካፖርቶቹ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

«የት አለ ካፖርቱ?» አለ ሻለቃው።

«ባለቤቴ ቆርጣ ለሕፃን ብርድ ልብስ አደረገችው። ልጅዎን ያገባው ልጅ እሱን ለብሶ ነው ያደገው። እስኪበጣጠስ።»

ሻለቃው እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። ሳሙና ምን ሊያወጣ እንደሆነ አወቀች። ቦርሳው ውስጥ የወንድሙ ፎቶግራፍ አለ፤ ጠርዙ የተበላ፣ በላስቲክ የተሸፈነ። አውጥቶ ያዘው እንጂ አልዘረጋውም።

«ፊቱን አይተውታል? የዚያን ልጅ?»

«እንዴት አላየውም? እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።»

ፎቶግራፉን ሰጠው። ሾፌሩ መጀመሪያ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ከዚያ ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ ዞረ። ረጅም ጊዜ አየው። ሳሙና በልቧ እሱ ነው በለው፣ እሱ ነው በለው እያለች ነበር፤ ውሸት ቢሆንም ግድ አልነበራትም፣ ሰውየው አንድ ነገር ይዞ ይረፍ።

«አይደለም» አለ ሾፌሩ። «ያኛው ፊቱ ሰፋ ያለ ነው፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ነበረው። ብዋሽዎ በወደድኩ። ግን እሱ አይደለም።»

ሻለቃው የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ አለቀሰ፤ ፊቱን ሳይሸፍን፣ እንደ ልጅ። ሳሙና ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች፣ የጨርቅ ቁራጮቹን አሁንም አልጣለቻቸውም። ሾፌሩ ፎቶግራፉን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ጠበቀ። ቆይቶ ቆይቶ ሻለቃው አፍንጫውን ጠራረገ።

«ብርድ ልብስ ሆኖ ይሆናል» አለ።

«ምኑ?» አለች ሳሙና።

«የወንድሜ ካፖርት። አንድ ሰው ወስዶት፣ ለብሶት፣ ቤቱ ገብቶበት... አንድ ሕፃን ሸፍኖ ይሆናል።»

«ሆኖ ይሆናል» አለ ሾፌሩ። «በዚያ ብርድ መሬት ላይ የቀረ ካፖርት አላየሁም።»

ሻለቃው ተነሳ። በወንድሙ ምክንያት ሲነሳ ሲቀመጥ የኖረ ሰው ነው፤ የዛሬው አነሳሱ ግን ሳሙና አይታው የማታውቀው ዓይነት ነበር፣ ቀለል ያለ። ፎቶግራፉን ተቀብሎ ኪሱ ከተተና ወደ ደጅ ወጣ። መኪናው በር ሥር ቆሞ፣ ቀና ብሎ፣ መስታወቱን አንኳኳ። ልጅቷ ወደ ሌላ ዞረች። ደግሞ አንኳኳ። መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አደረገችው።

«ውረጂ፣ ልጄ። የቀረው ዕቃ ነገ ይወጣል። ጠመንጃ የሚባል የለም። እናትሽ ትንሽ ቀን ብታገኝ የግድግዳውን ቀለም ራሱ አጥባ ታነሳው ነበር።»

«ማንን ነው ስትሰድብ የነበርከው?»

«እናትሽን።»

«ለምን?»

«ልብስ ስላጠበችልኝ።»

ልጅቷ አየችው። ሸሚዙ በውሃ ርሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ፂሙ ላይ የሳሙና አረፋ ነበረ። ሳቋ አመለጣት፤ ከሳቋ ጋር ሆዷን ያዘችና «አታስቀኝ፣ አባዬ፣ ልጁ ይወጣል» አለች። እጁን ዘረጋላት። «አማትሽም አይሄዱም» አላት እያወረዳት። «እዚህ ያድራሉ። ከፈለጉ የኔ አልጋ ላይ።»

የቀረውን ዕቃ፣ ቆቡን፣ ቦት ጫማውን፣ ዝናሩን፣ በማግስቱ በሾፌሩ መኪና ነው ወደ ሱቁ የወሰዱት። ሾፌሩ ሥርዓቱን አያውቅም፤ የቀኙንም የግራውንም በአንድ እቅፍ አፍሶ ይወረውራል። ሻለቃው አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ካፖርቶቹ ሲደርቁ ደግሞ የብስኩቱን ቆርቆሮ ጠረጴዛ ላይ ገለበጡና ተከበው ቁልፍ መስፋት ያዙ። ከሁሉም የሚሻለው ሾፌሩ ነው፤ የጦር ሜዳ ልጅ መርፌ ያውቃል። የማን ቁልፍ ከማን ካፖርት እንደሆነ የጠየቀ የለም፣ የአንገት ምልክቶቹንም መልሶ የሰፋ አልነበረም። አንዱ ካፖርት ላይ አምስት ዓይነት ቁልፍ ተደረደረ። ልጅቷ «ይኼ የየት አገር ጦር ነው?» ብትል ሻለቃው ራሱ ጥርሱን መክደን አቃተው። ካፖርቶቹም ከበሩ ኋላ ባለው መስቀያ ተሰቀሉ፣ እንደ ማንኛውም ቤት ልብስ፤ ብርድ ሲሆን የሚወጣ ሰው ያገኘውን ያጠልቃል።

ልጅቷን ምጥ የያዛት ውጭው በውርጭ ነጭ በሆነበት ማለዳ ነው። ሾፌሩ ጭነት አድርሶ ሲመለስ እነሱ ጋ አድሮ ነበርና መኪናውን አስነስቶ ሆስፒታል አደረሳቸው። ሳሙና ልጇን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች፤ እዚያ ቤት የማታውቀው በር የለም። ሁለቱ ወንዶች ግቢው ውስጥ ያለው አግዳሚ ላይ ቀሩ፤ ሲሮጡ ከበሩ ኋላ ያገኙትን ካፖርት አጥልቀው ነበር የወጡት። ዘበኛው ሁለቱን ድፍርስ ካፖርት ለባሾች ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው።

«እናንተ ደግሞ የየትኛው ጦር ናችሁ?» አላቸው።

«የልብስ ማጠቢያ ክፍል» አለ ሻለቃው፣ ፈጥኖ።

ዘበኛው እየሳቀ ሻይ አስመጣላቸው። ከዚያ ሰዓቱ አልሄድ አለ። ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ ስለ መኪና ሞተር አወሩ፣ ስለ ቁልፍ አወሩ። አንተ መባባል ከጀመሩ ሰንብተዋል። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል አንገታቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ቀብረው ደነዘዙ።

ሳሙና ረፋዱ ላይ በኋላ በር በኩል ወጣች። እግሯ መሬት አይነካም ነበር። ከሩቅ ሁለቱን ጀርባዎች አየች፤ ያው ቀለም፣ ያው ጉብጠት። ሮጣ ደረሰችና የባሏን ትከሻ በሁለት እጇ ያዘችው።

«አንተ ሰውዬ! ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው፣ እናትየውም ልጅየውም! ጸጉሯ ብቻ አንድ ክንድ ነው!»

ሰውየው ዞረ። ሾፌሩ ነው። ይህን ያህል ዘመን አብራው የኖረችውን ባሏን ከጀርባው ለይታ አላወቀችውም፤ ባሏ ከወዲያኛው ጫፍ አፉን ከፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል። ሳሙና በሐፍረት እጇን ልትሰበስብ ስትል ሾፌሩ ሁለቱንም እጆቿን አጥብቆ ያዛቸው። ዕንባው ፂሙ ላይ ወርዶ ነበር።

«አልተሳሳቱም፣ እትዬ» አላት። «ለኔም ነው የተነገረው።»

ከዚያ ወደ ጎን ዞሮ የሻለቃውን ትከሻ ይነቀንቀው ጀመር።